ከቢላ የሚያድን ጠብታ፦ ሆሚዮፓቲና የእባጭ ሕክምና ታሪክ

መግል የቋጠረ እባጭ ሰውነት ከጀርም ጋር ትግል የገጠመበት ቦታ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ጀርሙን ይከብባሉ፤ የሞቱት ሴሎች፣ ጀርሞቹና የሟሟው ሥጋ ተቀላቅለው መግል ይሆናሉ፤ በዙሪያውም ግድግዳ ይበጃል። ግድግዳው በሽታው እንዳይዛመት ያግዳል፤ በደም የሚጓዝ መድኃኒት እንደ ልብ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅም ያግዳል። አማርኛ ለዚህ ሁሉ የሚጠቀመው የፍሬን ቋንቋ ነው፦ እባጩ ጥሬ ነው፣ በሰለ፣ ፈረጠ። የጥንት ግሪክ ሐኪሞችም ሰውነት ክፉውን ፈሳሽ «ያበስለዋል» ይሉ ነበር። ሐኪሙ መብሰሉን ይጠብቅ ወይስ በቢላ ይቅደመው የሚለው ጥያቄ የተወለደው ከዚሁ አስተሳሰብ ነው።

በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት መጠበቁ የተሻለ ነበር። የመካከለኛው ዘመን ቀዳጅ ሐኪሞች ወፍራም ነጭ መግልን የመዳን ምልክት አድርገው «ምስጉን መግል» ብለው ሰይመውት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ቴዎዶሪክ ቦርጎኞኒ ቁስል ለመዳን መግል መያዝ የለበትም ብሎ ቢጽፍም ብዙ ሰሚ አላገኘም። ቢላው አይቀቀልም፣ እጅ አይታጠብም። እባጭ ተበጥቶ የዳነ እንዳለ ሁሉ፣ ከተበጣ በኋላ ደሙ ተመርዞ የሞተም ነበር። አቅም ያለውም የሌለውም ቤት ውስጥ የተፈጨ ተልባ በሙቅ ውሃ አቡክቶ እባጩ ላይ እየለጠፈ እስኪፈርጥ ይጠብቃል።

ሆሚዮፓቲ ወደ ታሪክ የገባው ይህ ልማድ ገና ሳይለወጥ ነው። መሥራቹ ሳሙኤል ሃነማን በ1755 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ማይሰን ከተማ ከሸክላ ሠዓሊ ቤተሰብ ተወለደ። ሐኪም ሆኖ ሲሠራ በጊዜው ሕክምና ተስፋ ቆርጦ ኑሮውን በትርጉም ሥራ ይደጉም ጀመር። በ1790 የስኮትላንዳዊውን ሐኪም የዊልያም ከለንን መጽሐፍ ሲተረጉም፣ ለወባ የሚሰጠውን የሲንኮና ቅርፊት ራሱ ወስዶ ሞከረው፤ የወባ የሚመስል ስሜትም አገኘሁ አለ። ከዚያ በመነሳት «ተመሳሳይ በተመሳሳይ ይድናል» የሚለውን ሕግ በ1796 አሳተመ፤ በ1810 ደግሞ «ኦርጋኖን» በተባለው መጽሐፉ አስፋፋው። መድኃኒቱ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነና እየተናጠ ሲሄድ ኃይሉ ይጨምራል የሚል ትምህርትም አከለበት።

ለእባጭ የሚታዘዙት የታወቁት ሁለት ናቸው። ሔፓር ሰልፈሪስ ኦይስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ዛጎል ከድኝ ጋር በእሳት ተቃጥሎ የሚገኝ ነው፤ ሲነካ ለሚያምና ቅዝቃዜ ለማይወድ እባጭ ይሰጣል። ሲሊሳ የአሸዋና የባልጩት ዋና ንጥረ ነገር ነው፤ ለሚቆይና መግሉ አልወጣ ላለ እባጭ ይታዘዛል። እዚህ ላይ መጠኑ የተለየ ትርጉም አለው፦ ብዙም ያልቀጠነው ሔፓር እባጩን ያበስላል፣ እጅግ የቀጠነው ደግሞ ሳይበስል ያጠፋዋል ይባላል። እባጩ ቢፈርጥም ቢጠፋም ምስጋናው ለመድኃኒቱ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ስህተት ሆኖ የሚገኝበት መንገድ የለም። ከብራዚል ዛፍ ቀይ ጭማቂ የሚሠራው ሚሪስቲካ ሴቢፌራ ደግሞ ቢላን የሚያስቀር መድኃኒት የሚል ዝና አተረፈ።

የሚገርመው ሃነማን ራሱ ቢላን ጨርሶ አለመከልከሉ ነው። በኦርጋኖን 186ኛ አንቀጽ የተጠራቀመ ፈሳሽ መውጫ እንዲያገኝ ሰውነትን መክፈት የቀዳጅ ሐኪም ሥራ መሆኑን ተቀብሏል። ተከታዮቹ ብዙ ጊዜ ከእሱ በላይ ርቀው ሄዱ።

በዚያ ዘመን ሰው ወደ ሆሚዮፓቲ መሄዱ ግን ሞኝነት አልነበረም። መደበኛው ሐኪም ደም ያፈስሳል፣ ሜርኩሪ ያጠጣል፣ ባልታጠበ ቢላ ይበጣል። ፍሬድሪክ ኩዊን በ1849 ለንደን ውስጥ በመሠረተው የሆሚዮፓቲ ሆስፒታል ታካሚው የሚያገኘው እረፍት፣ ምግብና ጉዳት የሌለው ጠብታ ነበር። ብዙ ትንንሽ እባጮች በራሳቸው ፈርጠው ስለሚድኑ፣ ምንም ያልሠራው መድኃኒት ከጎጂው በልጦ ታየ።

ይህን ሚዛን የገለበጠው ጆሴፍ ሊስተር ነው። በ1867 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ከአጥንት ስብራት ጋር እባጭንም በርዕሱ ይጠቅሳል፤ ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ ከጀርም ጠብቆ መክፈት እንደሚቻል አሳየ። በ1871 ንግሥት ቪክቶሪያ በባልሞራል ቤተ መንግሥት ብብቷ ሥር ትልቅ እባጭ ሲወጣባት የተጠራው እሱ ነበር። እባጩን ከፈተው፤ መግሉ በደንብ አልወጣ ሲል የጎማ ቱቦ ቆርጦ አስገባበት፤ ንግሥቲቱም ዳነች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የአበርዲኑ ቀዳጅ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን የእባጭ መግልን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ክብ ክብ ጀርሞችን አገኘ፤ እንደ ወይን ዘለላ ለተሰበሰቡትም በኋላ ስታፊሎኮከስ የሚል ስም አወጣ። መንስኤው ታወቀ፣ ቢላውም ንጹሕ ሆነ፤ ከቢላ የሚሸሽበት ዋና ምክንያት በዚያው አበቃ።

አንቲባዮቲክም ቢላውን አላስቀረም። በ1941 ኦክስፎርድ ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዱ ፊቱንና ራሱን እባጭ የወረረው ፖሊስ ነበር፤ ሲሻለው ቆይቶ መድኃኒቱ አለቀና ሞተ። በ2016 በታተመ፣ በአሜሪካ ከ1,200 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ደግሞ እባጫቸው ተከፍቶ መግሉ ከወጣላቸውና አንቲባዮቲክ ካልወሰዱት 73.6 በመቶው ዳኑ፤ ከወሰዱት 80.5 በመቶው። ትልቁን ሥራ የሠራው መክፈቱ ነው።

ሆሚዮፓቲ ግን አልጠፋም፤ ሔፓርና ሲሊሳ ዛሬም ይሸጣሉ። «30 ሲ» የተባለው ቅጥነት አንዱን እጅ ከ1 ቀጥሎ 60 ዜሮ ባለው ቁጥር ማሳነስ ስለሆነ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ከመጀመሪያው ንጥረ ነገር አንድ ሞለኪውል እንኳ አይገኝም። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በ2017 ሐኪሞች ሆሚዮፓቲ እንዳያዝዙ መክሯል፤ ፈረንሳይም ከ2021 ጀምሮ ወጪውን መሸፈን አቁማለች። ጠብታው ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው እየጠበቁ የሚያልፉት ቀን ነው።

ትንሽ ብጉንጅ በቀን ጥቂት ጊዜ ሙቅ እርጥብ ጨርቅ እየተደረገበት፣ ሳይጨመቅ ሊጠበቅ ይችላል። በጥቂት ቀናት ካልቀነሰ፣ ካደገ ወይም እየተመላለሰ ከወጣ ሐኪም ይየው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከእባጩ የሚነሳ ቀይ መስመር፣ የሚሰፋ መቅላት ሲኖር ግን ቀን አይቆጠርም። የስኳር ሕመምተኛ፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውና ጨቅላ ሕፃን ከመጀመሪያው ሊታዩ ይገባል፤ ጡት ላይ፣ ፊንጢጣ አካባቢ ወይም አከርካሪ ላይ የወጣም እንዲሁ። የጥርስ እባጭ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። አፍንጫና ላይኛው ከንፈር ላይ የወጣውን ደግሞ ማንም በጣቱ አያፍርጠው፤ የዚያ አካባቢ ደም መላሾች ራስ ቅል ውስጥ ካሉት ጋር ይገናኛሉ።