ያረጀ መሣሪያ፣ አዲስ ጨዋታ፦ የጌም ኮንሶል ክርክር ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ደብሊው ቻን ኪምና ሬኔ ሞቦርኝ «ብሉ ኦሽን ስትራቴጂ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ2005 ካሳተሙ ወዲህ የጌም ኮንሶል ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ተረት ይደገማል። ሶኒና ማይክሮሶፍት በማሽን ጉልበት ሲተናነቁ ኔንቴንዶ ከግብግቡ ወጣ ብሎ በ2006 «ዊ»ን አመጣ፤ አያቶች ሳይቀሩ ሳሎን ውስጥ ክንዳቸውን እያወዛወዙ ቴኒስ ተጫወቱ፤ ፈጠራም ጉልበትን ረታ። ያኔ የኔንቴንዶ አሜሪካ ኃላፊ የነበሩት ሬጂ ፊስ-ኤሜ ራሳቸው ስልታቸውን በመጽሐፉ ስም ይጠሩት ነበርና ተረቱ ምስክር አላጣም። ይህ መጣጥፍ ግን አይቀበለውም። «ጉልበት ይቅደም ወይስ ፈጠራ?» የሚለው ጥያቄ ኮንሶል ገዝቶ ቤቱ የሚጫወት ሰውን ብቻ አስቦ የተጠየቀ ነው። ጥያቄው በደሴና በኮምቦልቻ ጌም ቤቶች በኩል ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የተባለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው እንደ አውሮፓውያን።)

ስለ ኮንሶል ገበያ የተጻፈው ብዙ ነው። ዴቪድ ኤቫንስ፣ አንድሬ ሀጂዩና ሪቻርድ ሽማለንሲ በ2006 እንዳስረዱት አምራቹ መሣሪያውን በርካሽ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጥና ትርፉን ጨዋታ ከሚሠሩት ኩባንያዎች ይለቅማል። ዴቪድ ኤጀርተን በዚያው ዓመት የቴክኖሎጂ ታሪክ ከተፈለሰፈበት ቀን ይልቅ በአገልግሎቱ ዘመን ይጻፍ ብሏል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለም።

ጠቡ ከተረቱ ጋር ነው። የኪምና የሞቦርኝ ተከታዮች ዋና ማስረጃ የዊ ሽያጭ ነው፦ ከ101 ሚሊዮን በላይ። ተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን 3 በ87 ሚሊዮን ገደማ ቆሟል። ነገር ግን ይኸው ኔንቴንዶ በ2012 «ዊ ዩ»ን አወጣ። መቆጣጠሪያው ላይ ራሱን የቻለ ስክሪን ተገጥሞለት ነበር፤ አዲስነት ከተባለ ከዚህ በላይ አይገኝም። የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሲደርሱ የፈጠራ ጠበቆች «ያኛው ደካማ ፈጠራ ነበር» ይላሉ። ሲሸጥ ብርቱ፣ ሳይሸጥ ሲቀር ደካማ የሚባል ነገር ግን መመዘኛ ሊሆን አይችልም፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚለጠፍ ስም ነው።

የጉልበት ወገንም አያመልጥም። በ2001 የወጡት ኤክስቦክስና ጌምኪዩብ ሁለቱም ከፕሌይስቴሽን 2 ይልቅ ጉልበታም ነበሩ። ኤክስቦክስ ወደ 24 ሚሊዮን፣ ጌምኪዩብ ወደ 22 ሚሊዮን ተሸጡ። በመጋቢት 2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 2 (ፒኤስ2) ደግሞ ምርቱ በ2013 መባቻ እስኪቋረጥ ድረስ ከ155 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሶኒ ራሱ ከዚህ ሳይማር በ2006 «ሴል» የተባለ ብርቱ ፕሮሰሰር ጭኖ ፕሌይስቴሽን 3ን አሜሪካ ውስጥ እስከ 599 ዶላር ተመነለት፤ እየከሰረም ሸጠው።

እንግዲህ በሽያጭ ታሪክ አናት ላይ የተቀመጠው ፒኤስ2 ለሁለቱም ወገን የማይመች ነው። ከእኩዮቹ ደካማ ነበር። አዲስ የአጨዋወት ዘዴም አላመጣም፤ ጆይስቲኩ ከፊተኛው ፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ እምብዛም አይለይም። ዲቪዲ ያጫውታል፣ የአሮጌውን ፕሌይስቴሽን ሲዲም ያነባል። ይኸው ነው። ተረቱ ስለ እሱ የሚለው የለውም።

የሚለው ያለው ሌላ ሰው ነው፤ የቢዝነስ ጸሐፊዎች እንደ ማስዋቢያ ጠቅሰው የሚያልፉት ጉንፔ ዮኮይ። ዮኮይ በ1965 ኔንቴንዶ ሲገባ ሥራው የካርታ ማምረቻ ማሽኖችን መጠገን ነበር። ጥገና ላይ ያደገ ሰው መሆኑ በአጋጣሚ አይመስልም። ያጸናው መርሕ፦ በሚገባ የታወቀ፣ ዋጋው የወደቀ፣ ጠባዩ የተጠና ቴክኖሎጂ ውሰድ፤ ከዚያ ማንም ባላሰበው አገልግሎት ላይ አውለው። በ1980 የካልኩሌተር ስክሪንና ቺፕ ወስዶ «ጌም ኤንድ ዎች»ን ሠራ። በ1989 የመጣው ጌምቦይ አረንጓዴ ቀመስ ስክሪን ነበረው፤ ቀለም የሚባል የለውም። የአታሪ «ሊንክስ»ና የሴጋ «ጌም ጊር» ባለቀለም ነበሩ፤ ግን ስድስት ድንጋይ እየበሉ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠሩ ነበር። ጌምቦይ በአራት ድንጋይ ከእነሱ እጥፍ በላይ ይቆያል። ቀለም የሌለው ከተተኪው ጌምቦይ ከለር ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዮኮይ ራሱ በ1995 «ቨርቹዋል ቦይ» ላይ ወድቋል፤ ይህ ግን ሰውየውን እንጂ መርሑን አይጥልም።

አሁን ወደ ወሎ፣ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ። ኪምና ሞቦርኝ ገና ደንበኛ ያልሆኑ ሰዎችን በሦስት እርከን ይከፍላሉ። የደሴ ወጣት ከሦስቱ በአንዱም አይገባም። ኮንሶል አልገዛም፤ ግን ይጫወታል፣ ይከፍላል፣ የትኛው ጆይስቲክ እንደላላ በጣቱ ያውቃል። ገዢው የጌም ቤቱ ባለቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፤ ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ በብዙ ቤት የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ይህ ሕግ ከጃፓን አልመጣም፤ ከጆተኒና ከከረንቡላ ቤት የተወረሰ ነው።

ለባለቤቱ ጉልበትም ፈጠራም ተራ የሚያገኙት ከሌሎች ጥያቄዎች በኋላ ነው። ሌንሱ ስንት ወር ያነባል? መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ ማሽኑ ይተርፋል? ቀጭኑ ፒኤስ2 የሚሠራው 8.5 ቮልት በሚሰጥ አዳፕተር ሆኖ ከ50 ዋት በታች ይወስድ ነበር፤ የመጀመሪያው ፒኤስ3 ግን በጨዋታ ጊዜ ወደ 200 ዋት ይጠጣል። በጄኔሬተር ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት የትርፍና የኪሳራ ድንበር ነው። ሙቀትም አለ። ጦሳ ሥር ያለችው ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ወርዳ የምትገኘው ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፤ አየሯም ሞቃት ነው። ደጋው አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነውና ከማሽን ላይ ሙቀት የማንሣት አቅሙ ያንሳል። ቆላ ቀመሱ ደግሞ ከመነሻው ሞቋል። ብዙ ሙቀት የሚያመነጭ ኮንሶል በሁለቱም ከተማ ይፈተናል። ማይክሮሶፍት በ2007 ኤክስቦክስ 360 እየተቃጠለ ሲያስቸግረው ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት ለማራዘም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል። ያ ዋስትና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ አያቋርጥም። እዚህ ዋስትናው የሠፈሩ ጠጋኝ ነው፤ ጠጋኙ ደግሞ የሚያድነው የሚያውቀውን ማሽን ነው።

ዊስ? በርቀት መቆጣጠሪያው ውስጥ ድንጋይ ይገባል፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚቀመጥ «ሴንሰር ባር» ይሻል፣ ከሁሉም በላይ ክንድ የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልጋል። መቆጣጠሪያው ከተጫዋቾች እጅ እያመለጠ ቴሌቪዥን ሲሰብር ኔንቴንዶ በ2006 መጨረሻ የእጅ ማሰሪያውን ለመቀየር ተገዷል። ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ይህን ፈጠራ ማሰብ ራሱ ያስቃል።

ፒኤስ2ን ያቆየው ኳስ ነው። የኮናሚና የኢኤ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ለዚህ ማሽን በየዓመቱ መውጣታቸውን አላቋረጡም፤ የመጨረሻዎቹ ፊፋ 14 እና ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2014 ናቸው። ሁለቱም የወጡት በ2013፣ ማሽኑ መመረቱ ካበቃ በኋላ ነው። ብረቱ ያው ሆኖ በየዓመቱ ተጫዋቹ፣ ማልያው፣ ዝውውሩ ይታደሳል። የዮኮይ መርሕ በተግባር ይህን ይመስላል።

አገሩ ይህን ዓይነት ብልሃት ከኮንሶል በፊት ያውቀዋል። የሪቻርድ ፓንክኸርስት የገበጣ ጥናት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ታትሟል። ፓንክኸርስት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ብዙ ዓይነት ገበጣ ሰብስቧል። ጠጠርና ጉድጓድ መሆኑ ከቦታ ቦታ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሕጉ ነው፦ ከየት ይጀመራል፣ መቼ ይበላል፣ በስንት ረድፍ ይዘራል። ጥናቱ ስለ ኮንሶል አንድ ቃል የለውም፤ ሆኖም ከሃያ የገበያ ጥናት የበለጠ ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። ጠጠሩን በወርቅ የለወጠ የለም፤ መሬት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ትውልድ ያጫውታል።

የጉዳዩ ክብደት የሚታየው ግን በክፉ ቀን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ቆይተዋል፤ ዝርፊያው የወሎ ዩኒቨርሲቲንና የደሴን ሆስፒታል እንኳ አልማረም። ከዚያም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ሲዲ የሚያነብ ማሽን ኢንተርኔት ሲጠፋም ሥራውን ይሠራል። ጨዋታውን ከኢንተርኔት ካላወረደ የማይሠራ ማሽን ግን ጌጥ ነው። ሶኒ በኅዳር 2024 ያወጣው ፒኤስ5 ፕሮ ሲዲ ማንበቢያ አብሮት አይመጣም፤ ሲወጣ ዋጋው 700 ዶላር ነበር። የኔንቴንዶ «ስዊች 2» ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ለአንዳንድ ጨዋታዎች የሚሸጠው ካርድ ጨዋታውን ማውረጃ ቁልፍ ብቻ የያዘ ነው። አንዱ በጉልበት፣ አንዱ በፈጠራ ተጉዘው ደሴን የሚዘጋ ያው በር ላይ ተገናኙ። ብሩም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለአንድ ዶላር ከ57 ገደማ ተነሥቶ ከ100 አልፏል፤ ከጂዳና ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃም ከዚህ አያመልጥም።

ተቃውሞ ይኖራል። አንደኛው፦ በጌም ቤቶች ቺፕ የተገጠመለት ፒኤስ2 ቅጂ ሲዲ ነው የሚያጫውተው፤ ሶኒ ሳንቲም ካላገኘ ስለ ደሴ ምን አገባው? መልሱ አጭር ነው፤ በየጌም ቤቱ ፒኤስ2ን የተኩት ፒኤስ3ና ፒኤስ4 ናቸው፣ ኤክስቦክስ አይደለም። እጅ የለመደውን ይዞ ያድጋል። ሁለተኛው፦ ዘመኑ የስልክ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን የሠራው ለስልክ ነው። እውነት ነው፤ ግን ጌም ቤት የሚያከራየው ማሽን ብቻ አይደለም፣ አጠገብ ተቀምጦ የሚሳደብ ተጋጣሚም ነው። ሦስተኛው፦ የመጀመሪያው የኔንቴንዶ ስዊች ከአንድ ዕቃ ሁለት መቆጣጠሪያ አውጥቶ ለሁለት ሰው በማካፈሉ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ይህ ለፈጠራ አይመሰክርም? ይመሰክራል፤ ግን ለዮኮይ ዓይነቱ። ውስጡ ያለው ቺፕ ሲወጣም አዲስ አልነበረም።

የሁለት ከተማ ልማድ የዓለም ገበያ ሚዛን ነው ማለት አይቻልም፤ መጣጥፉም ያን አይልም። የሚለው፣ አምራቹ ከጉልበትና ከፈጠራ በፊት ዕድሜን ያስቀድም ነው፦ መጠገን፣ ትንሽ መብራት መጠጣት፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት፣ ሁለት ሰው ማጫወት። ይህን መለካት ቀላል ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢንጂነሪንግ ያስተምራል፤ የጠጋኞቹ ጠረጴዛዎችም ከግቢው ሩቅ አይደሉም። አንድ ተመራቂ ተማሪ ለአንድ ዓመት ያህል የሚመጡትን ማሽኖች ዓይነት፣ ዕድሜ፣ ቀድሞ የሞተውን ክፍልና የጥገናውን ዋጋ ቢመዘግብ፣ የሽያጭ ቁጥር ብቻ የሚደምሩት ጥናቶች የሌላቸውን ሠንጠረዥ ያወጣል።