ከጓሳው አባ ቄራ እስከ ቀበሌው ተመራጭ

ወዳጆቼ፣ አንድ ጥያቄ ላስቀድም። በወረዳችሁ ምክር ቤት ሰፈራችሁን ወክሎ የሚቀመጠው ሰው ማን ይባላል? የብዙዎቻችን መልስ ዝምታ ነው። ይህ ዝምታ ከየት መጣ? ለመልሱ መጀመሪያ ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ እንውጣ። (ዘመኑ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ የውርጭ አገር ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት፣ ለዝናብ ገሳ የሚሠራበት ሣር ከዚያ ይመጣል። ይህን ሣር ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። የቅርቡ ፖለቲካ ከሚያውቀው ቄሮ ጋር አይምታታባችሁ። ባለርስቶቹ የአስቦና የጌራ ልጆች ተብለው በሁለት ወገን ይቆጠሩ ነበር። ተጠቃሚው ተሰብስቦ አለቃውን ይመርጣል፤ አለቃውም አባ ቄራ ይባላል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሕግ የጣሰም ይቀጣል።

ሥርዓቱን አላሞካሽም። በዘር ቆጠራ ርስት የማይደርሰው ሰው ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። አንድ ነገር ግን ነበረው፦ የአባ ቄራ ሥራ ሜዳ ላይ የተሰጣ ነው። ቢያዳላ ወይም ቢያንቀላፋ የታጨደው ሣር ራሱ ይመሰክርበታል።

ከዚያ 1967 መጣ። የካቲት 25 የገጠሩ መሬት ታወጀ፤ ርስት ሲቀር በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አበቃ። ጓሳውም ይታረስና ይጋጥ ጀመር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን፣ ማለትም ቀበሌን ወለደ። አንዱ ተመራጭ በሞተበት ዓመት ሌላው ተወለደ ማለት ነው።

ቀበሌ ሲጀመር ሥራው የሰፈር ሥራ ነበር፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶችን ማስተዳደር፣ በፍርድ ሸንጎ ትንንሽ ጠብ መዳኘት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ጠመንጃ ያዘ። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ የሚለው ቃል እስር ቤትና አሰሳ ማለት ሆነ። ጎረቤት የመረጠው ሰው ለበላይ አካል ጎረቤቱን የሚጠብቅ ሆነ።

ደርግ ወደቀ፣ ቀበሌው ግን ቀረ። በ1997 ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ምክር ቤቱን ግን አልተረከበም። ከተማዋ እስከ 2000 በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። በ2000 ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግ በተራው 137 ወሰደ። በዚያው ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት 300 አባላት እንዲኖሩት ተደረገ። በየመንደሩ ተመራጭ ነበረ ማለት ነው! ታዲያ ማን አወቃቸው? በ2010 ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ሲራዘምስ ከሰፈራችሁ ማን ጮኸ?

የቁጥር ችግር አልነበረብንም። አባ ቄራን የሚያነሣው የመረጠው ሕዝብ ነው፤ የቀበሌው ተመራጭ ግን ለመመረጥም ለመውረድም የሚያየው ወደ ላይ ነው። ዓይኑ ወደ ሄደበት ሥራውም ይሄዳል።

ጓሳ ከዚያ በኋላ መልሶ ቆሟል። ከአካባቢው ቀበሌዎች የተውጣጣ የጓሳ ኮሚቴ ጥበቃውን ይዟል፣ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አውቆታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም አሉ። ርስት ባይመለስም የጋራ ሀብትና ተጠያቂ ተወካይ ሊመለሱ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

የከተማ ሰው ይህን አያውቀውም አትበሉ። የወረዳችሁን ተመራጭ ስም አታውቁም፤ የእድራችሁን ዳኛ ስም ግን አንድም ሰው አልጠፋበትም። ገንዘባችሁ እሱ ጋር ነው፣ መዝገቡን ታያላችሁ፣ ካልጣማችሁም ትቀይሩታላችሁ። የቆሻሻው፣ የውኃው ፈረቃና የመታወቂያው ጉዳይ ከእድር መዋጮ ያንሳል?

እስኪ ተነጋገሩበት።