የጽንስ አንጎል አፈጣጠር፣ የዘረ-መል ቁጥጥር እና የፎሊክ አሲድ ጥቅም

የሰው አካል ሕዋሳት በአብዛኛው ተመሳሳይ የዘረ-መል ስብስብ ይይዛሉ። የአንጎል ሕዋስ ከቆዳ ሕዋስ የሚለየው የትኛው ዘረ-መል፣ መቼና በምን ያህል መጠን ሥራ ላይ እንደሚውል በሚወስነው አሠራር ነው። ይህም የዘረ-መል ቁጥጥር ይባላል።

ቁጥጥሩ እንዴት ይከናወናል?

የሰው ልጅ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉ 20,000 ያህል ዘረ-መሎች አሉት። ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር በመያያዝ ዘረ-መሎችን ሥራ ያስጀምራሉ ወይም ያስቆማሉ። ሜቲል የተሰኘው አነስተኛ ኬሚካላዊ ክፍል በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ሲጨመርም ዘረ-መሉ ብዙውን ጊዜ ከሥራ ይታገዳል። በማደግ ላይ ባለው የጽንስ ነርቭ ቱቦ ውስጥ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለ ፕሮቲን ከሥር በኩል ይመነጫል፤ ሕዋሳቱም በሚደርሳቸው መጠን ልክ የተለያዩ ዘረ-መሎችን በማሠራት የተለያየ ዓይነት የነርቭ ሕዋስ ይሆናሉ።

ወሳኞቹ 28 ቀናት

የነርቭ ቱቦ መጀመሪያ ዝርግ ሆኖ ከተፈጠረ በኋላ ታጥፎ ይዘጋል። የፊተኛው ጫፍ አንጎል፣ ቀሪው ኅብለ ሰረሰር ይሆናል። ይህ ሂደት ጽንሱ ከተፈጠረ በ28 ቀናት ገደማ ይጠናቀቃል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁም። ቱቦው በራስ በኩል ሳይዘጋ ሲቀር አብዛኛው የአንጎልና የራስ ቅል ክፍል አይፈጠርም፤ ሕፃኑም በሕይወት ሊቆይ አይችልም። ከታች ሳይዘጋ ሲቀር የኅብለ ሰረሰር ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) ይከሰታል። ይህም የእግር ሽባነት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል እንዲሁም በጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀምን ሊያስከትል ይችላል።

የፎሊክ አሲድ ድርሻ

ፎሊክ አሲድ ለዲ.ኤን.ኤ. ሥሪትና ለሜቲል አቅርቦት የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው። ቀደም ሲል በችግሩ የተጠቃ ጽንስ በነበራቸው እናቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ ፎሊክ አሲድ የችግሩን ዳግም መከሰት በ72 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል።

ምን ማድረግ ይገባል?

• ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች ከእርግዝና በፊት ቢያንስ ከአንድ ወር ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ሊወስዱ ይገባል። በእርግዝና ክትትል ወቅት የሚሰጠው እንክብል ጠቃሚ ቢሆንም፣ ክትትሉ ዘግይቶ ከተጀመረ የነርቭ ቱቦው ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል።

• ከዚህ ቀደም በችግሩ የተጠቃ ጽንስ ወይም ልጅ የነበራት እናት ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት አስቀድማ ሐኪም ታማክር።

• ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ብርቱካን ፎሌት ይይዛሉ፤ ሆኖም ረጅም ጊዜ መቀቀል መጠኑን ስለሚቀንስ ምግቡ እንክብሉን አይተካም።

• ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድ የዘረ-መል ቁጥጥርን የሚነካና ለችግሩ የሚያጋልጥ በመሆኑ፣ ተጠቃሚዎች ከማርገዛቸው በፊት ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ለችግሩ መከሰት በርካታ ምክንያቶች ስላሉ እናትን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ክፍተት ይዞ የተወለደ ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል። ለተጨማሪ ምክር በአቅራቢያዎ የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያነጋግሩ።