ያለ ምስክር

ማንም ተነሥቶ የድጓ መምህር ነኝ አይልም። ታች ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ታርሞ ማስመስከር አለበት። ከጎጃምም ይምጣ ከሸዋ ሕጉ ያው ነው። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ አለ። ዛሬ ድኅረ ምረቃ የምንለው ነገር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም ማለታችን ነው።

ምክርስ? በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የተጣላውን ሽማግሌ ያስታርቀዋል፤ የከፋው ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ ያዘነውን ለቀስተኛ ያጽናናዋል። ይህ ለዘመናት አገር አቁሟል።

ግን በአደባባይ የማይነገር ኀዘንም አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን በያዙ ጊዜ የደረሰባቸውን ጾታዊ ጥቃት 16 ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግረዋል። ዘገባው በ2014 ዓ.ም. ወጣ። የከተማው ሆስፒታል ተዘርፎ ስለነበር ተገቢውን ሕክምና አላገኙም። እንዲህ ያለውን ቁስል ማን ለሽማግሌ ጉባኤ ያቀርባል?

እዚህ ላይ ነው የሠለጠነ አማካሪ የሚያስፈልገው። የምክር ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ መጽሐፍ ማንበብ ብቻ አይደለም። ተማሪው ምሥጢር መጠበቅን ይማራል፤ ባለጉዳይ እየተቀበለ በመምህሩ ይታረማል። ከቤተ ልሔም ሥርዓት በምን ይለያል? ትምህርቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ግን ለነፋስ መውጫ ሩቅ ናት።

እስቲ እንጠይቅ፦ የጥቂት ቀን ሥልጠና የወሰደውን ሁሉ አማካሪ እንበለው? ድጓን ያለ ምስክር የማያስተምር አገር፣ የሰውን ቁስል ያለ ምስክር ለምን ያስነካል?