ለጥርስ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት፦ ታካሚው አስቀድሞ ሊናገረው የሚገባ

ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ገጠር ተነሥቶ ጎንደር ከተማ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። በመሆኑም ጥርሱን ያመመው ሰው ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ውጦ ሕመሙን ለማሳለፍ ቢሞክር አይደንቅም። ይሁን እንጂ አንቲባዮቲክ የሕመም ማስታገሻ አይደለም። ተቦርቡሮ ነርቩ የተቆጣ ጥርስ የሚድነው ሲሞላ፣ ሥሩ ሲታከም ወይም ሲነቀል ነው። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው በተለይ እብጠቱ ወደ ፊትና ወደ አንገት ሲዛመት ወይም ትኩሳት ሲያስከትል ሲሆን፣ ያን ጊዜም መግሉ መውጣት ይኖርበታል።

ለማስታገሻነት ፓራሲታሞል ለብዙዎች ይስማማል፤ ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል ማለፍ የለበትም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች በመሆናቸው በአንድነት አይወሰዱም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም እርግዝናዋ 5 ወር ገደማ የደረሰ ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወስዷቸው አይገባም። አስፕሪን በታመመው ጥርስ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ድድን ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሹት የልብ ታካሚዎች ናቸው። በአገራችን በልጅነት በሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቫቸው ተጎድቶ በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት ወይም ቀደም ሲል የልብ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፤ በተለመደው አሠራር አዋቂ 2 ግራም አሞክሳሲሊን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወስዳል። ሆኖም ፔኒሲሊን አዘውትሮ በሚወጋ ሰው አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ሊለማመዱት ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ ከሌላ ወገን ይመርጣል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ስለ መርፌው ከተነገረው ብቻ ነው።

ዋርፋሪን የሚወስዱም እንዲሁ ሊናገሩ ይገባል። ለድድና ለጥርስ ኢንፌክሽን በብዛት የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ጨምሮ ደም ሊያፈስ ይችላል። ዋርፋሪንን በራስ ውሳኔ ማቋረጥም ደም በቫልቩ ላይ እንዲረጋ በር ይከፍታል።

ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ከጠላም ሆነ ከአረቄ እንዲርቅ፣ ይህንንም መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ እስከ 3 ቀን እንዲቀጥል ይመከራል። የበዓል ሰሞን የታዘዘለት ሰው አስቀድሞ ለቤተሰቡ ቢናገር ከግብዣ ጭቅጭቅ ይድናል። ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ቴትራሳይክሊን አይሰጥም፤ በማደግ ላይ ያለውን ጥርስ ለዘለቄታው ያበልዘዋል።

ከመንጋጋ ሥር ያለ እብጠት መዋጥ ወይም መተንፈስ ሲከለክል፣ አፍ አልከፈት ሲል፣ ኪኒን እየዋጡ ማደር አደገኛ ነው። ታካሚው በዚያው ሰዓት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።