የቱርቦ ግፊት መቆጣጠሪያ (ኤሌክትሮኒክ፣ በቤት የሚሠራ)

ቱርቦ ወደ ሞተር የሚገፋውን አየር ግፊት የሚወስን መሣሪያ። የስዊድኑ ሳዓብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሚሸጡ መኪኖቹ ላይ ገጥሞታል። ዛሬ የግፊት ሴንሰር፣ እንደ አርዱዊኖ ያለ ትንሽ ቦርድ፣ ትራንዚስተርና ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶሌኖይድ ቫልቭ ያለው ሰው ቤቱ ሊገጣጥመው ይችላል።

ቫልቩ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል እየተከፈተና እየተዘጋ ወደ ዌስትጌት (ትርፍ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ የሚያሳልፍ በር) ከሚሄደው አየር ከፊሉን ያስተነፍሳል። ዌስትጌቱ ዘግይቶ ስለሚከፈት ጭሱ ተርባይኑን የበለጠ ያሽከረክራል። ዋናው ጥንቃቄ አንድ ነው፦ ሽቦ ቢበጠስ ግፊቱ ወደ ዝቅተኛው እንዲመለስ አድርጎ መግጠም። ይህን የናቀ ፒስተን ያቀልጣል፣ ወይም የቴስታታ ጋስኬት ያቃጥላል።

የቦታው ከፍታም ለውጥ ያመጣል። በእስራኤል ያሉት ያቭኔ፣ ገደራና ቅርያት መላኺ ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ አይሉም፤ የአየሩ ግፊት ወደ 100 ኪሎፓስካል ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ከ80 በታች ነው። ሴንሰሩ ፍጹም ግፊት የሚለካ ከሆነ በገደራ የተስተካከለ ፕሮግራም አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ቁጥር ለማምጣት ቱርቦውን ከአቅሙ በላይ ሊያስሮጠው ይችላል፤ ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ይህን ነው። በእስራኤል የተሽከርካሪን አሠራር ለመለወጥ የትራንስፖርት ሚኒስቴር የፈቃድ ክፍል ይሁንታ ያስፈልጋል፤ ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም (ቴስት) አለ።