ራምቦና ሐረር

ከተማን የወደደ ሁሉ በግጥም አያወድሳትም። ለዚህ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ምስክር ነው።

ራምቦ በ1854 (እ.ኤ.አ.) ሻርልቪል ከተማ ተወለደ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የአገሩን ሥነ ግጥም መልክ የለወጡ ሥራዎቹን ትቶ ከቅኔ ተለየ። ከአገር ወደ አገር ሲንከራተት ቆይቶም በ1880 ዓደን ደረሰ፤ በዚያም በባርዴ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ በዓመቱ መጨረሻ ሐረር ገባ። ከተማዪቱ ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች።

ራምቦ ከጁገል ግንብ ውስጥ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ እየገዛ ወደ ባሕር ይልክ ነበር። ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የሐረርን አየር ተስማሚነት ቢያነሣም፣ የሚበዛው ቃሉ ምሬት ነው፤ ብቸኝነቱን፣ መሰልቸቱንና የድካሙን ከንቱነት ደጋግሞ ይናገራል። ይሁን እንጂ ያማረራትን ከተማ ሊርቃት አልቻለም። በ1881 መጨረሻ ለቅቋት ወጥቶ በ1883 ተመለሰ፤ በ1884 ዳግመኛ ተለያት። ለምኒልክ የጦር መሣሪያ ይዞ ሸዋ ከዘለቀ በኋላም በ1888 ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ የራሱን ንግድ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ሐረርን የሚያስተዳድሩት፣ በኋላ ራስ የተባሉት መኰንን ነበሩ።

በ1891 ቀኝ ጉልበቱ ክፉኛ አበጠ። አፕሪል 7 ቀን አሥራ ስድስት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ ወሰዱት። ሜይ 27 ቀን ማርሴይ ውስጥ እግሩ ተቈረጠ። ከሦስት ቀን በኋላ ለራስ መኰንን ደብዳቤ ጻፈ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሐረር እንደሚመለስም ገለጠ። የተወለደበት አገር አላስቀመጠውም፤ በኦገስት ከእናቱ ቤት ተነሥቶ እንደገና ወደ ወደቡ አመራ።

የሳበው ትርፍ እንጂ ፍቅር አይደለም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ኖቬምበር 9 ቀን በሕመም ሲቃዥ ለእኅቱ ያስጻፈው የመጨረሻ ደብዳቤ እንኳ የዝሆን ጥርስ በመቍጠር ይጀምራል። የሚያበቃው ግን ወደ መርከብ የሚወስዱት በስንት ሰዓት እንደሆነ በመጠየቅ ነው። በማግስቱ በ37 ዓመቱ አረፈ። የነጋዴውን ሐሳብ ከመንገደኛው ናፍቆት መለየት አዳጋች ነው፤ ሰው እንጀራውን ያገኘባትን ከተማ ሳያውቀው ይወዳታልና።

ዛሬ በሐረር የራምቦ ቤት የሚባል ቤተ መዘክር አለ። የተሠራው እርሱ ከሞተ በኋላ ስለሆነ አልኖረበትም። ግጥም ላልጻፈላት እንግዳ፣ ከተማዪቱ ቤት ሰጠችው።